ከፒኤችፒ ማሻሻያ በኋላ ከዎርድፕረስ ገጻችን የጠፉ ቃለ ጉባኤዎች

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የማኅበራችንን ድረ ገጽ የማስተዳድረው በዎርድፕረስ ነው። የሆስቲንግ ድርጅታችን ሰርቨሩን ከፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) 7.4 ወደ 8.2 ሲያሻግረው ገጹ ወድቆ፣ ከባድ ስሕተት ተፈጥሯል ከሚል መልእክት በቀር ምንም አያሳይም ነበር። የድርጅቱ ባለሙያ የአንዱን ፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ የሚታከል ተጨማሪ ፕሮግራም) ፎልደር ስም ቀይሮ ፕለጊኑን በመዝጋት ገጹን ቢያስነሣውም፣ የዓመታት ቃለ ጉባኤዎቻችን የነበሩበት ክፍል ከዳሽቦርዱ ሜኑ ሳይቀር ጠፍቷል፤ የቀድሞ ሊንኮቹም «ገጹ አልተገኘም» ይላሉ። ተራ ጽሑፎቹ ግን ደኅና ናቸው። ከማሻሻያው በፊት የተወሰደ ባክአፕ አለን፤ ሆኖም እሱን ብመልሰው አባላት ከዚያ ወዲህ የጻፏቸው አስተያየቶች እንዳይጠፉ እሰጋለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ 1

ባክአፑን ለጊዜው አይንኩት። እንደ ገለጻዎ ከሆነ መረጃው በቦታው ያለ ይመስለኛል። ዎርድፕረስ ተራውን ጽሑፍም ሆነ ፕለጊን የፈጠረውን ልዩ የጽሑፍ ዓይነት የሚያስቀምጠው ፖስትስ በሚባለው አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲሆን፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው ፖስት ታይፕ በሚለው ዓምድ ላይ የተጻፈው ስም ነው። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ያንን ስም ለዎርድፕረስ የሚያስመዘግበው ፕለጊኑ ስለሆነ፣ እሱ ሲዘጋ መዝገቦቹ ሳይነኩ ከዳሽቦርዱ ይሰወራሉ። ዳታቤዙን በሚያሳየው ፒኤችፒማይአድሚን ገብተው ዓምዱን ይመልከቱ።

አደራ፣ ፕለጊኑን ከዝርዝሩ ላይ እንዳይሰርዙት። መዝጋት መረጃውን አይነካም፤ ሲሰረዙ ግን ያከማቹትን ሁሉ አብረው የሚያጠፉ ፕለጊኖች አሉ።

መልስ 2

ምክንያቱን ከሰርቨሩ የስሕተት መዝገብ ያገኙታል። ባረጁ ፕለጊኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ፣ ከፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ የተወገዱትን ክሪኤት ፈንክሽን (create_function) ወይም ኢች (each) የተባሉ የፒኤችፒ ትእዛዞች መጥራታቸው ነው። አዲስ እትም ካለው ያዘምኑት። ሠሪው ከተወው ደግሞ ያንኑ የጽሑፍ ዓይነት የሚያስመዘግብ የጥቂት መስመር ፋይል ጽፈው ኤምዩ ፕለጊንስ (mu-plugins) በሚባለው፣ ዎርድፕረስ በራሱ የሚያስነሣቸው ፋይሎች በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ስሙ በዳታቤዙ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ከዚያም ሴቲንግስ ውስጥ ፐርማሊንክስን (የሊንኮች አሠራር የሚወሰንበትን ገጽ) ከፍተው ምንም ሳይለውጡ ሴቭ ይበሉ፤ ያለዚያ ጽሑፎቹ በዳሽቦርዱ ላይ ቢታዩም ሊንኮቹ አይከፈቱም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፕለጊኑ አዲስ እትም ስለሌለው በሁለተኛው መንገድ ሄድኩ፤ ርእሶቹና ጽሑፎቹ ተመልሰዋል። የስብሰባው ቀንና የሰብሳቢው ስም ግን የትም አይታዩም። በእጅ ልሙላቸው ወይስ ከባክአፑ ቃለ ጉባኤዎቹን ብቻ አውጥቼ እንደ አዲስ ላስገባ?

መልስ 1

ሁለቱም አያስፈልጉም። እነዚያ ፖስትሜታ በሚባለው ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ ናቸው። የመስኩ ስም በታችኛው ሰረዝ ከጀመረ ዎርድፕረስ በተራው የማረሚያ ገጽ ላይ አያሳየውም፤ ብዙ ፕለጊኖችም ሆን ብለው እንዲህ ይሰይሙታል። ስሞቹን ከሠንጠረዡ ይቅዱና ቴምፕሌቱ (የገጹን አቀራረብ የሚወስነው ፋይል) እንዲያነባቸው ያድርጉ።

መልስ 3

እንደ አዲስ ማስገባቱን እኔም አልመክርም፤ የአማርኛ ርእስ ላላቸው ጽሑፎች በተለይ አደገኛ ነው። በሊንክ ውስጥ አንድ የግእዝ ፊደል 9 ምልክት ሲወስድ፣ ዎርድፕረስ ለሊንክ ስም የሚፈቅደው 200 ብቻ ስለሆነ ርእሱ 22 ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጣል። «የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ» እያሉ የሚጀምሩ ርእሶች ዓመቱ ሳይደርስ ስለሚቆረጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆኑና፣ በገቡበት ቅደም ተከተል 2፣ 3 እየተባሉ ይለያሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አባላት ያስቀመጡት ሊንክ የሌላ ዓመት ቃለ ጉባኤ ይከፍትላቸዋል፤ የስሕተት መልእክት ስለማይመጣም ማንም ቶሎ ልብ አይለውም።