እናቴን የማስታምመው ብቻዬን ነው፤ እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ስትሮክ ከመታት ዓመት አልፏል። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም። ማጉረሱ፣ ማጠቡ፣ ዳይፐር መቀየሩ፣ ሌሊት ማገላበጡ ሁሉ እኔ ላይ ነው። መጀመሪያ የዓመት ፈቃዴን ጨረስኩ፣ ቀጥሎ ያለ ደመወዝ ለመንኩ፣ በመጨረሻ ሥራውን ተውኩት። ወንድሞቼ ውጭ ናቸው፤ ብር ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን በደወሉ ቁጥር «አንቺ ስላለሽ እኮ ነው እንቅልፍ የሚወስደን» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ከተኛሁ ቆየሁ። ጎረቤት «ጽድቅ ነው» ይለኛል። አውቃለሁ፣ እናቴ ናት። ግን ወገቤ አለቀ፣ ለቅሶ እንኳን መድረስ አቃተኝ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ነርስ ነኝ፣ አባቴንም አስታምሜያለሁ። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡን አትተዪ፤ የአልጋ ቁስል አንዴ ከጀመረ ድካምሽ እጥፍ ነው። ግን በጉልበት አታንሻት። አንሶላ አጥፈሽ ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ ከሥሯ አንጥፊ፣ ጉልበቷን እጠፊና የአንሶላውን የማዶ ጫፍ ወደ ራስሽ ሳቢ፣ ትዞርልሻለች። በጉልበቶቿ መሀል ትራስ አድርጊ። የደከመ ክንዷን ይዘሽ እንዳትጎትቺ፣ ትከሻዋ በቀላሉ ይወልቃል። የእሷን ግፊት ስትለኪ ደግሞ የራስሽንም ለኪ፣ አደራ።

መልስ 2፦
እኔም እንደ ወንድሞችሽ ውጭ ነኝ፣ አሜሪካ። እዚህ በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይድ የሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የቆመው የመንግሥት የጤና መድን፣ ቤት ውስጥ ለሚያስታምም ቤተሰብ የሚከፍልበት አሠራር አለ፣ ሥራ ስለሆነ። ለመድኃኒት ከሚልኩት ሌላ ለአንቺ ደመወዝ ይላኩ፤ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። ፈቃድ ሲወጡም በየተራ ይምጡና ይረከቡሽ። አንቺ ዘመድ ጋ ሂጂ፣ ጠበል ሂጂ፣ ካልሆነም ዝም ብለሽ ተኚ።

መልስ 3፦
የግል ድርጅት ከነበርሽ ሕጉም አያግዝሽም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ቤተሰብ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለከባድ ችግር የሚፈቀደው ግን እስከ 5 ተከታታይ ቀን ነው፣ ያውም ያለ ደመወዝ። ለመቅበር ይከፈላል፣ ለማስታመም አይከፈልም። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ጎረቤትሽን ደግሞ «ጽድቅ ነው» ስትልሽ «እንግዲያው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሰዓት ቁጭ በይላት» በያት። ሰዓቱን ለይተሽ ካልነገርሻት አትመጣም።

ጠያቂ፦
አንሶላውን ሞከርኩት፣ ይሠራል፣ ተባረኪ። የደመወዙን ነገር ግን በምን አፌ ልጀምረው?

መልስ 2፦
በስልክ አታንሺው፣ ታለቅሻለሽ፣ እነሱም ያባብሉሽና ያልፋል። በጽሑፍ ላኪላቸው። ዳይፐር ስንት፣ መድኃኒት ስንት፣ የአንቺ ስንት፤ ለየብቻ ጻፊው።