የፊት መብራት ላይ ኤልኢዲ አምፖል ከገባ በኋላ ዳሽቦርድ ላይ ምልክት በራ፦ ምን ይገዛ? ደሴ ይሠራ ወይስ ኮምቦልቻ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቮልስዋገን ጎልፍ ላይ ኤች 7 (የፊት መብራት አምፖል ዓይነት) ኤልኢዲ ሲገባ የተቃጠለ አምፖል ምልክት ይበራል፤ መብራቱም ይርገበገባል። የቆየ ቶዮታ ሒሉክስ ላይ ደግሞ ነገሩ ግልባጭ ነው፤ ረጅም መብራት ሲበራ ሰማያዊው ምልክት አይመጣም። ሱቆቹ ለሁለቱም «ሬዚስተር (ተጨማሪ ከረንት የሚስብ እቃ) ግዙ» ይላሉ። የትኛውን እቃ ትጠቁማላችሁ? ሥራውስ ደሴ ያልቃል ወይስ ኮምቦልቻ መውረድ ይሻላል?

መልስ፦
አብሽር፣ ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ጎልፉ አምፖሉ ደህና መሆኑን የሚያውቀው በሚስበው ከረንት ነው። የፋብሪካው ሃሎጅን (ባለ ክር አምፖል) 55 ዋት ስለሆነ በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል። 25 ዋት የሆነ ኤልኢዲ ግን ከ2 አምፔር ብዙም አያልፍም። ኮምፒውተሩ ታዲያ ክሩ የተበጠሰ መስሎት ምልክቱን ያበራል። መርገብገቡ ደግሞ መኪናው ኤሌክትሪኩን ቶሎ ቶሎ እየቆራረጠ ስለሚልክ ነው። የሃሎጅን ክር እንደጋለ ስለሚቆይ አያስታውቅበትም፤ ኤልኢዲ ግን በዚያው ፍጥነት ይጠፋል፣ ይበራል።

ለጎልፉ የምጠቁመው ካንባስ ዲኮደር ነው፤ ኮምፒውተሩ ኤልኢዲውን እንደ ሃሎጅን እንዲቆጥረው የሚያደርግ፣ በሶኬቱና በአምፖሉ መካከል የሚሰካ፣ ሁለት ፍሬ። ስትገዛ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቅ። ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚያለሰልስ) ብቻ ያለው መርገብገቡን ያቆማል እንጂ ምልክቱን ላያጠፋ ይችላል፤ ሬዚስተር ብቻ ያለው ደግሞ ምልክቱን አጥፍቶ መርገብገቡን ሊተወው ይችላል። ላንተ ሁለቱም ያለበት ነው የሚያስፈልግህ። አምፖሉ ካርቶን ላይ «ካንባስ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አትመን። ከመክፈልህ በፊት ሱቁ በር ላይ አስገብተህ ሞተር አስነሳ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፍተህ አብራው። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካለ እለፈው።

መልስ፦
ባዶ ሬዚስተር ለሚገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ የሚበዛው ወርቃማው 6 ኦም 50 ዋት ነው፤ በዋናነት የተሠራው ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ይስበው የነበረውን ከረንት ለማካካስ ነው። ለፊት መብራትም ያገለግላል፤ በ12 ቮልት 24 ዋት ስለሚበላ ከኤልኢዲው ጋር ተደምሮ ወደ ሃሎጅኑ ይጠጋል። ሞተር ሲሠራ 14 ቮልት ስለሚደርስ ደግሞ ከ32 ዋት ያልፋል። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ነው የሚለወጠው፤ በእጅ አይነካም። በናስትሮ ተጠቅልሎ ከገመድ ጋር ከታሰረ ወይም የመብራቱ ፕላስቲክ ላይ ከተለጠፈ ያቀልጠዋል። የግድ ከቦዲው ብረት ጋር በብሎን ይታሰር፤ አገናኙ በአምፖሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል እንጂ በአንዱ ገመድ ላይ በተከታታይ አይደለም። (ኤሌክትሪክ ይቆጥባል ተብሎ ኤልኢዲ ከገባ በኋላ ቁጠባውን በሬዚስተር ማቃጠል ያስቃል፤ ግን መኪናው ካልተቀበለ ምን ይደረጋል።)

ኮምቦልቻ ያላችሁ የአይሱዙና የሲኖትራክ ሰዎች በተለይ ተጠንቀቁ። የእናንተ 24 ቮልት ነው። ያው 6 ኦም ሬዚስተር እዚያ ላይ አራት እጥፍ፣ 96 ዋት ይሆናል፤ 50 ዋት የተባለው እቃ አይችለውም። አምፖሉም ላይ «9–32 ቮልት» የሚል ከሌለ አታስገቡት።

መልስ፦
ወደ ሒሉክሱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ሬዚስተር የሚሸጥልህ ሰው ምርመራ አላደረገም። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ኤች 4 (አጭርና ረጅሙን በአንድ አምፖል የያዘ) ሶኬታቸው በኔጋቲቭ ነው የሚቆጣጠረው፤ ፖዘቲቩ የጋራ ሆኖ አጭርና ረጅም የሚለየው በማሳው (በኔጋቲቩ) በኩል ነው። ሰማያዊው ምልክት ከረንት የሚያገኘው በአጭር መብራቱ ክር በኩል ዞሮ ነው። ኤልኢዲ ክር የለውም፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ምልክቱም ጠፋ። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም መብራት አብሮ ይበራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የግራና የቀኙን ሶኬት ንቀል፣ መብራቱን አብራ፣ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ገመድ ቦዲ ላይ፣ ቀዩን በአንዱ ሶኬት ሦስት ቀዳዳዎች ላይ በየተራ አድርግ። ከአጭር ወደ ረጅም ስትቀይር 12 ቮልቱ ከአንዱ ቀዳዳ ሳይንቀሳቀስ የሚቆይ ከሆነ በኔጋቲቭ የሚሠራ ነው። እየተቀያየረ ወደ ሌላው ቀዳዳ የሚሄድ ከሆነ ግን በፖዘቲቭ ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልግ። በኔጋቲቭ ለሚሠራው የሚገዛው ለኤች 4 የተዘጋጀ የኔጋቲቭ መቀየሪያ ገመድ ነው። ደሴ ካጣኸው አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሶማሌ ተራ ይጠይቅልህ፤ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ጻፍለት።

መልስ፦
ስለ ባለሙያ፦ ደሴም ኮምቦልቻም የስህተት ኮድ የሚያጠፋ ዲያግኖሲስ (መመርመሪያ ማሽን) ያለው ሰው አይጠፋም። ማጥፋት ግን ጥገና አይደለም፤ ቁልፍ ሲዞር ምልክቱ ይመለሳል። ጥያቄህ «ኮዲንግ ትሠራለህ?» ይሁን፤ የኮምፒውተሩን ቅንብር መቀየር ማለት ነው። ብዙ የቮልስዋገን ሞዴሎች ላይ የአምፖል ፍተሻው ከቦዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ ሬዚስተርም አያስፈልግም። ጉዳቱ ወደፊት አምፖሉ በእውነት ቢቃጠል መኪናው አይነግርህም። ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ቅንብር ፎቶ አንስተህ ያዝ። የመኪናውን ገመድ ቆርጦ በእጅ ጠምዝዞ የሚያገናኝ ኤሌክትሪሻን ከሆነ፣ የፈለገ ርካሽ ቢሆን ይቅርብህ።

ጠያቂው፦
የባትሪ ምልክትስ? ጎልፉ ላይ አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል።

መልስ፦
እሱ ከኤልኢዲው ጋር አይገናኝም። ሥራው ሲሠራ የባትሪ ገመድ ተነቅሎ ላልቶ የተመለሰ እንደሆነ መጀመሪያ እሱን አጥብቅ። ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላነበብክ ዲናሞውንና ቺንጋውን አስመርምር። ኤፍኤም ሬዲዮው መብራት ሲበራ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ጥፋተኛው የኤልኢዲው ድራይቨር (ለአምፖሉ ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ክፍል) ነው፤ ሌላ አምፖል ነው መፍትሔው።

መልስ፦
ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ላልከው፦ የኤሌክትሪኩን የትም አሠራው፣ የመብራቱን አቅጣጫ ማስተካከያ ግን ኮምቦልቻ አድርገው። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ቦታና ቀጥ ያለ ግድግዳ አብሮ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ከግድግዳው 5 ሜትር ራቅ፣ የመብራቱን መሐል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ፤ የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ጠርዙ ካልታየህ ወይም ብርሃኑ ከተበተነ አምፖሉ ዞሮ ገብቷል፤ የኤልኢዲዎቹ ፊት ወደ ግራና ቀኝ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መሆን የለበትም። ይህን ሳታይ ማታ ሐረጎን (ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት) ከወጣህ፣ በየመታጠፊያው ከላይ የሚወርደውን ሾፌር ዓይን ታጠፋለህ።

ቀለሙንም ስትመርጥ የደሴን ጉም አስብ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) እና ከዚያ በላይ የሆነው ሰማያዊ ቀመስ ነጭ ጉም ውስጥ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስብሃል። 4300 ካገኘህ እሱን ውሰድ፤ የጉም መብራቱን ደግሞ 3000 ቢጫ አድርገው። ከመብራቱ በስተኋላ ያለውን የላስቲክ ክዳን መመለስ እንዳትረሳ፤ የአምፖሉ ማቀዝቀዣ ፋን አላስገባ ብሎ ክፍት ከተተወ በክረምት ውሃ ይገባና አዲስ ምልክት ይዞልህ ይመጣል።