ሻርፕ ሳደርገው የነጠላው ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ምን ላድርግ?

የአራት ኪሎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶ የምታነሱ፣ በተለይ ደግሞ የምታሳትሙ ሰዎች እንድትረዱኝ ነው።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ ግቢ እናቶችንና አባቶችን እያስፈቀድኩ አነሳለሁ። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር፣ የማነሳው በሮው (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል)። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ሻርፕነሱን፣ ማለትም የጠርዙን ጥራት፣ ከፍ ሳደርገው መጀመሪያ ደስ ይላል። ጥለቱም መቋሚያውም ጥርት ይላል። አጉልቼ ሳየው ግን በነጠላው ጠርዝና ከኋላ ባለው ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ መሃል ቀጭን ነጭ መስመር አለ። የምኒልክን ሐውልትም ከአደባባዩ ማዶ ሆኜ አንስቼዋለሁ። እዚያም በፈረሱ ዙሪያ ሰማዩ ላይ የሚያበራ ጠርዝ ይታያል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ፊት ነው። የአንዲት እናት መጨማደድ ሁሉ ጠቁሮ ዕድሜያቸው ላይ ጨመረባቸው። ሻርፕነሱን ስቀንሰው ደግሞ ማተሚያ ቤት ፈዘዝ ብሎ ይወጣል። ለእሳቸው 50 በ70 ሴንቲሜትር አሳትሜ በፍሬም ልሰጣቸው ቃል ገብቻለሁ። የሻርፕነሱን ቁጥሮች ስንት ስንት ላድርጋቸው?

ከካዛንቺስ

እኔ አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ ሌላውን የሚያውቁት ይመልሱልሽ። በሮው ማንሳትሽ ጥሩ ነው። ጄፔግ ቢሆን ካሜራው ራሱ ቀድሞ ሻርፕ አድርጎት ነው የሚያስቀምጠው። አንቺ ስትደግሚው ይበዛል። የስልክ ፎቶ ላይማ የባሰ ነው።

ሌላው፣ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም የምትልኪ ከሆነ እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ከላክሽው ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል። ፈዘዝ ያለብሽ በዚህም ሊሆን ይችላል።

የድሮ ፎቶ አጣቢ

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ያንን ነጭ መስመር ብዙ ሰው አያየውም። እኔ ፒያሳ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም እያጠብኩ ነው የጎለመስኩት፣ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ሻርፕነስ ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገር አያመጣም። የሚሠራው ጠርዝ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የፎቶሽን ደብዛዛ ቅጂ በውስጡ ይሠራና ከዋናው ጋር ያነጻጽረዋል። ልዩነት ያለበትን ቦታ እንደ ጠርዝ ይቆጥረዋል። እዚያ ላይ ብሩሁን ወገን ይበልጥ ያበራዋል፣ ጨለማውን ወገን ይበልጥ ያጠቁረዋል። ዓይናችን ያኔ ፎቶው የጠራ ይመስለዋል። ዘዴው ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ከነጋቲቩ ሆን ተብሎ ደብዘዝ ያለ ስስ ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ሁለቱ ተደርበው ይታተማሉ። ጊዜ የሚበላ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። አንቺ ጋ ደግሞ ነጭ ነጠላ ከጥቁር ዛፍ ጋር ስለተጎራበተ ልዩነቱ ከመጀመሪያውም ትልቅ ነው። ሲጨመርበት መስመር ሆኖ ይወጣል። ጠቆር ያለው ሐውልት ብሩህ ሰማይ ላይ ሲቆምም እንደዚያው ነው።

«አማውንት» ጥንካሬው ነው፣ «ሬዲየስ» ደግሞ የዚያ መስመር ስፋት። መስመሩ ሲታይሽ መጀመሪያ የምትነኪው ሬዲየሱን ነው። ላይትሩም 1.0 ላይ ያስጀምርሻል፣ እስከ 3.0 ይወስድሻል። ለጥለትና ለጥልፍ 0.7 ወይም 0.8 ይበቃል። አማውንቱ እስከ 150 ይሄዳል። እኔ ለሰው ፊት ከ50 እምብዛም አላልፍም። ስታስተካክዪ ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልተሽ እዪው፣ አለዚያ ትክክለኛው ነገር አይታይሽም።

አሁን ወደ ፊታቸው እንምጣ። «ማስኪንግ» የሚለውን የአልትን ቁልፍ ተጭነሽ ጎትቺው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሆንልሻል። ነጩ ሻርፕ የሚደረገው ነው፣ ጥቁሩ የሚታለፈው። ጉንጫቸውና ግንባራቸው እስኪጠቁር ድረስ ሂጂ። ዓይናቸው፣ ሽፋሽፍታቸው፣ የጥለቱ ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይቅር። መጨማደዱን ብርሃኑ ራሱ ያሳየዋል። እኛ ልናጠቁረው አይገባም። ያንን ፎቶ ሳሎን ሰቅለው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ነጠላ ሌላም ጣጣ አለው። ሽመናው ስስ ስለሆነ ክሮቹና የሴንሰሩ ፒክስሎች ሲገጣጠሙ የሌለ ሞገድና የሌለ ቀለም ይፈጠራል። ሞይሬ ይባላል። ሻርፕነስ ያባብሰዋል። ካየሽው በብሩሽ ነጠላው ላይ ብቻ ሻርፕነሱን ቀንሺ። እዚያው ብሩሹ ውስጥ «ሞይሬ» የሚል ማስተካከያም አለልሽ።

ለኅትመት ደግሞ ሌላ ዙር አለ። 24 ሜጋፒክስል አብዛኛውን ጊዜ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። 50 በ70 ሲታተም በኢንች ወደ 200 ፒክስል ይደርስሻል። ለግድግዳ ይበቃል። ምጣኔው ስለማይገጥም ከጎን ትንሽ እንደሚቆረጥ ግን አትርሺ። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰርጋል፣ ማት በሚባለው የማያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ይብሳል። ለዚህ ነው ስክሪን ላይ የጠራው ወረቀት ላይ የሚፈዘው። ላይትሩም ኤክስፖርት ስታደርጊ፣ ማለትም ፋይሉን ስታወጪ፣ ለስክሪን፣ ለማት ወይስ ለግሎሲ (ለሚያብለጨልጭ ወረቀት) ብሎ ይጠይቅሻል። መጠኑን አስገቢና ወረቀቱን ምረጪለት። ለወረቀት የወጣው ፋይል ስክሪን ላይ ትንሽ ቢበዛብሽ አትደንግጪ።

ሜክሲኮ አደባባይ

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? አሁን በኤአይ ሻርፕ የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ። ፎከሱ የሳተውን ሳይቀር ያወጡታል። የላይትሩም ክፍያ የሚከብዳችሁ ደግሞ ጂምፕና ዳርክቴብል በነፃ ናቸው፣ ያ በደብዛዛ ቅጂ የሚሠራው ዘዴ፣ አንሻርፕ ማስክ የሚባለው፣ ጂምፕ ውስጥም አለ።

የድሮ ፎቶ አጣቢ

ስለ ነፃዎቹ ልክ ነህ ወንድሜ፣ በደንብ ይሠራሉ። በኤአዩ ግን አልስማማም። ለሕንፃ ይሁን። ለሰው ፊት ሲሆን ፕሮግራሙ ያላየውን ዓይን ከሌላ ፎቶ ከተማረው ገምቶ ነው የሚሥለው። ያ ሽፋሽፍት የእናትየዋ አይደለም። ብዙ ቤት የአያት ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለው። ልጆቹ «እማማ እንዲህ ነበሩ» የሚሉት እሱን ይዘው ነው።

ፎከሱ ከሳተ በሚቀጥለው እሁድ ድጋሚ ማንሳት ይሻላል። የኔ ልጅ፣ ሌንስሽን እስከ መጨረሻው አትክፈቺው። የብርሃን ማስገቢያ ክፍተቱን ኤፍ 2.8 ወይም 4 ላይ አድርጊው፣ ዓይንም ጥለትም አብረው እንዲጠሩ። ሹተሩን፣ ማለትም የመዝጊያውን ፍጥነት፣ ከ1/200 ሰከንድ አታውርጂው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። እሳቸውን ግን ጥላ ሥር አስቀምጫቸው።

የአራት ኪሎዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማስኪንጉን አሁኑኑ ሞከርኩት። 70 አካባቢ ስደርስ ጉንጫቸው ሙሉ በሙሉ ጠቆረ፣ ዓይናቸው ብቻ ቀረ። ሬዲየሱን 0.7 ሳደርገው የነጠላው መስመር አይታይም ማለት ይቻላል። ሐውልቱ ላይ ግን አሁንም ትንሽ ትንሽ አለ። ወረቀቱንስ የትኛውን ይመክሩኛል?

የድሮ ፎቶ አጣቢ

ሐውልቱ ላይ ሰማዩን ብቻ በማስክ ምረጪና ሻርፕነሱን ወደ ታች አውርጂው። ሰማይ ላይ ሻርፕ የሚደረግ ነገር የለም። ፈረሱ እንዳለ ይቆያል።

ወረቀቱ ፎቶው እንደሚሰቀልበት ቦታ ነው። ፍሬሙ መስታወት ካለው፣ ወይም መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ማት ይሻላል፣ አያንጸባርቅም። ሙሉውን ከማሳተምሽ በፊት ግን ፊታቸውና ጥለቱ ያለበትን ቁራጭ ቁረጪ። መጠኑን ሳትቀንሺ፣ በሚታተምበት ልክ፣ በተለያየ ሻርፕነስ ትንሽ ወረቀት ላይ አሳትሚው። ዋጋው ትንሽ ነው። ከጀርባው ቁጥሮቹን በእርሳስ ጻፊ፣ አለዚያ ቤት ስትደርሺ ይምታታብሻል። ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፊያቸውና ሁለት ሜትር ራቅ ብለሽ ምረጪ።