የሻገቱ የአዝማሪ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር እንዴት ይገልበጡ? (ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ የተቀዱ የአዝማሪ ካሴቶች የጣና እርጥበት አሻግቷቸዋል፤ ጠርዛቸው ነጭ ሆኗል። ማጫወት ይቻላል?

መልስ 1፦ እንዳታጫውታቸው! የሻጋታው ብናኝ ሄዱን (የማጫወቻውን ካሴት አንባቢ ክፍል) በክሎ ወደ ንጹሕ ካሴቶች ይዛመታል። ለየብቻ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ጋር አሽገህ አድርቃቸው። ከዚያ ማስክ አድርገህ፣ ደጅ ላይ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ። ከእያንዳንዱ ካሴት በኋላ ሄዱን በ99% አይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ።

መልስ 2፦ በስህተት እንዳይቀዳበት መጀመሪያ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ፕላስቲክ ጥርሶች ስበር። ማሲንቆው ከታፈነ ብዙውን ጊዜ ሄዱ ተዛንፏል፤ ጎኑ ያለችውን ብሎን ድምፁ እስኪጠራ በጥቂት በጥቂቱ አዙር። በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት)፣ በ24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ጥራት ቅዳ፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ኤምፒስሪ ለማጋራት ብቻ ይሁን።

መልስ 3፦ እባክህ የአዝማሪውን ስም፣ ቦታውንና ቅኝቱን፣ ትዝታም ይሁን አንቺሆዬ፣ አብረህ መዝግብ።