ጥቆማ፦ ባህር ዳር ሆኖ ጃዝን ከነባሱ ለመስማት

ጃዝ መስማት የጀመሩ ልጆች «ከየትኛው አልበም ልጀምር?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም «ቼ በለው» ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ፣ የኃይሉ መርጊያና የዋሊያስ ባንድ ሥራ ነው። ዘፋኝ የለበትም። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ሙዚቃ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የኃይሉን ኦርጋን ብዙ ሰው ያውቃል። መላከ ገብሬንስ? ባስ ጊታሩ፣ ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚያወጣው ጊታር፣ የሱ ነው። ድራሙ የተማረ ሐረጉ፣ ሳክስፎኑ የሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔቱ የዮሐንስ ተኮላ፣ ጊታሩ የማህሙድ አማን፣ ፒያኖው የግርማ በየነ። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ እንኳ እዚህ አልበም ላይ ቫይብራፎን (በመዶሻ የሚመታ የብረት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ) ይዞ አጃቢ ነው። መጀመሪያ እንደልማዳችሁ ስሙት። በሁለተኛው ዙር ኦርጋኑን ተዉትና መላከን ብቻ ተከተሉ። ሙዚቃውን ማን ተሸክሞት እንደሚሄድ ያኔ ይገባችኋል።

ችግሩ መላከ በስልክ ስፒከር አይሰማም። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ ድምፁ በጣም ዝቅተኛ፣ 41 ኸርዝ (በሴኮንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። መንገድ ላይ የሚሸጡት ትንንሽ ብሉቱዝ ስፒከሮችም ጩኸት እንጂ ባስ የላቸውም። ከነሱ ይልቅ ደህና ባለገመድ ኢርፎን ግዙ። ለቤት ደግሞ ያገለገለ ዴክ ከሁለት ትልልቅ ስፒከሮቹ ጋር ካገኛችሁ አትለፉት፤ በኦክስ ገመድ ከስልካችሁ ጋር ይገጥማል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሱቁ ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት»ን አስከፍታችሁ ስሙ። ሻጩ ባሱን እስከ ጥግ ከፍ አድርጎ ሊያሳያችሁ ይሞክራል። ወደ መሀል መልሱት። የባስ ብዛት ሌላ፣ የባስ ጥራት ሌላ ነው።

ሙዚቃውን ለማግኘት ቀላሉ ፍላሽ የሚሞሉ ሱቆችና ቴሌግራም ናቸው። እኔ አልመክርም። ፋይሉ «ትራክ 03» ተብሎ ይመጣል፣ የተጫዋቾቹ ስም የለም፣ ለነሱም ሳንቲም አይደርስም። «ቼ በለው»ን ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና አውጥቶታል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሙዚቃ በሚሸጥበት ባንድካምፕ ድረ ገጽ ላይ ያስገዛ። የሌለው ዩቲዩብ ላይ ይስማ፤ ቢያንስ ማን ምን እንደተጫወተ የሚጽፉ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ የጌታቸው መኩሪያን «ሞዓ አንበሳ» ስሙ። ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን ያስፎከረ ሰው ነው። በጎጃም ሠርግ ሽለላ እየሰማ ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ፀጉሩ ይቆማል። ግን ከኋላ ካትሪና ቦርነፌልድ ድራሙን እንዴት እንደምትመታ አስተውሉ። ከአሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. የ1959ኙ የማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ይበቃል፤ የመጀመሪያው ሙዚቃ ላይ ዜማውን የሚያነሳው ባሲስቱ (ባስ ተጫዋቹ) ፖል ቻምበርስ ነው።

በአካል ለመስማት ከጣና ዳር መዝናኛዎች ይልቅ አዝማሪ ቤት እመርጣለሁ። ጣና ዳር አየሩ ደስ ይላል፣ ዓሣውም አለ። ሙዚቃው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በኪቦርድ ባሱንም ድራሙንም የሚያስመታበት ነው። አዝማሪ ቤት ግን ማሲንቆውና ከበሮው በሰው እጅ ነው። ስፒከሩ ሳይጮህ፣ አመሻሽ ላይ ግቡና ከማሲንቆው አጠገብ ተቀመጡ። አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ እዚያ በጆሮ የለየ ሰው የሙላቱን ሥራዎች ሲሰማ መንገዱ አይጠፋውም።

አሁን ደግሞ ተራው የእናንተ ነው። ባህር ዳር ውስጥ በኪቦርድ ሳይሆን በእውነተኛ ባስ ጊታር የሚጫወት ባንድ ያለበትን ቤት የምታውቁ ጠቁሙን። የባሲስቱን ስምም አብራችሁ ጻፉ።