ለ15 በጎ ፈቃደኞች ግማሽ ቀን፦ ጥርጊያ መንገዳችንን ከየት እንጀምር?

ባለኮርቻ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የተራራ ብስክሌት የምንነዳ 15 ሰዎች ነን። ሁልጊዜ ከምንነዳበት ጥርጊያ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን በአንድ የእረፍት ቀን ጠዋት፣ 4 ሰዓት ያህል ሠርተን ማስተካከል እንፈልጋለን። የመሬቱ አስተዳዳሪ በቃል ተስማምቷል።

ችግሮቹ እነዚህ ናቸው። በሦስት ቦታ ዝናቡ ካባራ ከቀናት በኋላም ውሃ ይተኛል። ነጂው ጭቃውን ሲሸሽ በዳር በዳር አዲስ መስመር እያወጣ፣ 1 ሜትር የነበረው መንገድ 3 ሜትር ሆኗል። አንድ ቁልቁለት ደግሞ መሃሉ እንደ ቦይ ተቦርቡሯል። ብዙ ቦታ ላይም ቅርንጫፍ ፊት ይመታል። ከመካከላችን ከፊሉ ጉድጓዶቹን በአፈር እንሙላ ይላል፤ ሌላው በቁልቁለቱ ላይ ግንድ አጋድመን ውሃውን እናስወጣ ይላል። የቱ ይሻላል? ዶማና አካፋ አለን፤ ሌላ ምን እንያዝ? መቆፈር የማይችሉትስ ምን ይሥሩ?

---

ውሃ_መላሽ

ሁለቱንም አታድርጉ።

ውሃ የተኛበት ቦታ አፈር ስላነሰው ሳይሆን መውጫ ስላጣ ነው የተኛው። የሞላችሁት አፈር በሚቀጥለው ዝናብ ጭቃ ይሆናል፤ ቅጠልና ብስባሽ ያለበት አፈር ከሆነማ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይከርማል። የተጋደመ ግንድም ብዙ አይቆይም። ውሃው ግንዱ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን ደለል እዚያው ይጥላል፤ ደለሉ ግንዱን ሲስተካከል ውሃው በላዩ ተሻግሮ ከበታቹ ይቦረቡራል። በዚያ ላይ ዝናብ የነካው እንጨት በአግድም ሲተኛ የፊት ጎማ ያንሸራትታል፤ ነጂው በግንዱ ጫፍ ዞሮ ማለፍ ይጀምርና መንገዱ እንደገና ይሰፋል።

መጀመሪያ ዝናብ እየዘነበ ወይም እንዳባራ መንገዱን በእግር ሂዱበት። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ በየት በኩል ቢወጣ እንደሚቀለው በዓይን ይታያል። መግቢያውንና መውጫውን በባለቀለም ጨርቅ ምልክት አድርጉ። ይህን ሳታደርጉ በደረቅ ቀን ዶማ ብታነሱ የምትቆፍሩት በግምት ነው።

ከጎን ተዳፋት ባለው ቦታ ላይ ለተኛ ውሃ መድኃኒቱ የግማሽ ክብ ማፍሰሻ ነው። በመንገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ወስዳችሁ የታችኛውን ጠርዝ ትልጣላችሁ፤ መሃሉ ላይ ወደ ውጭ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያዘነብላል፣ በሁለቱም ጫፍ ቀስ እያለ ከነባሩ መንገድ ጋር ይገጥማል። ነጂው ሲያልፍበት እንዳይታወቀው አድርጋችሁ አለስልሱት። መውጫው ቢያንስ 1 ሜትር ይስፋ፤ ከመንገዱ ጠርዝም አልፎ መሬቱ ራሱ ቁልቁል እስከሚሄድበት ድረስ ይቀጥል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፦ አንድ አካፋ የሚያህል ጠባብ ቦይ ቀድዶ ይሄዳል፤ ያም በጥቂት ቅጠል ይደፈናል።

የቀረውን መንገድ ደግሞ የታችኛውን ጠርዝ ተመልከቱት። ጎማ አፈሩን እየገፋ እዚያ ጋ ትንሽ ጉብታ ይሠራል፤ ውሃውን መንገዱ ላይ አስሮ የሚያስቀረው እሱ ነው። ጉብታውን አንሱና መንገዱ ወደ ውጭ 5 በመቶ እንዲያዘነብል አድርጉ፤ 1 ሜትር ስፋት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው። ለመለካት 1 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ፣ በታችኛው ጫፍ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አስገቡ፤ አረፋው መሃል ከቆመ ልክ ነው።

የተቦረቦረው ቁልቁለት ግን የሌላ ቀን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር፣ ኢምባ፣ የሚያስተምረው የግማሽ ደንብ አለ፦ የመንገዱ ቁልቁለት ከጎኑ ካለው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም። የጎኑ ተዳፋት 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ አይበልጥም ማለት ነው። ከበለጠ ውሃው በጎን ከመውጣት ይልቅ መንገዱን ተከትሎ መውረድ ይቀለዋል። እናንተ ጋ መንገዱ ከተዳፋቱ ጋር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ የትኛውም ማፍሰሻ አያድነውም፤ መስመሩ ራሱ ወደ ጎን መዞር አለበት። ለዚያ ደግሞ የተለየ ፈቃድና ብዙ ቀን ያስፈልጋል።

---

ዶማና_ገመድ

በውሃው ጉዳይ እስማማለሁ። እኔ የማክለው የሥራውን አደረጃጀት ነው።

2 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ በአንድ ጠዋት እንጨርስ ካላችሁ ሁሉንም ነካ ነካ አድርጋችሁ አንዱንም ሳትፈጽሙ ትመለሳላችሁ። ከ4 ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ለማብራሪያ፣ ግማሽ ሰዓት ለማጽዳትና መሣሪያ ለመቁጠር ይሄዳል። በቀረው 3 ሰዓት ሦስቱን ውሃ የተኛባቸውን ቦታዎች ፈጽሙ፤ ቅርንጫፉን ደግሞ የቻላችሁትን ያህል። ያልተጀመረ ቦታ ምንም አይሆንም፤ ግማሹ ተቆፍሮ የተተወ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎት ይሄዳል።

አምስት አምስት ሆናችሁ በሦስት ተከፈሉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሥራውን የሚያውቅ አንድ አስተባባሪ ይኑረው። አስተባባሪው ባይቆፍር ይሻላል። መቆፈር ከጀመረ የሌሎቹን ሥራ አያይም።

መሣሪያ፦ 4 ዶማ፣ 4 አካፋ፣ 1 ዲጅኖ ለድንጋይ፣ 2 የእጅ መጋዝ፣ 2 ረጅም እጀታ ያለው የቅርንጫፍ መቀስ፣ 4 ባልዲ። ከተገኘ ደግሞ ማክሎድ የሚባለውን ሁለት ሦስት ያዙ፤ በአንድ ጎኑ ሰፊ ስለት፣ በሌላው ወፍራም ጥርስ ያለው፣ ለደን እሳት መከላከያ የተሠራ መሣሪያ ነው። ይልጣል፣ ይጠርጋል፣ በጀርባው ይጠቀጥቃል። ካልተገኘ ሰፊ መኮትኮቻ ይተካዋል። ጓንትና ጠንካራ ጫማ ለሁሉም፣ ድንጋይ ለሚሰብር ሰው የዓይን መከላከያ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ።

መሣሪያ ስትሸከሙ በተዳፋቱ የታችኛው ጎን ባለው እጅ፣ ከወገብ በታች አድርጋችሁ ነው። ትከሻ ላይ አይሆንም፤ ብትወድቁ ስለቱ አንገት ላይ ነው የሚያርፈው። ዶማ በሚያነሱ ሰዎች መካከል ቢያንስ 3 ሜትር ይኑር።

ስለ አፈሩም አንድ ነገር። ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ የሚቀር፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ከሆነ ቀኑ ትክክለኛ ነው። ዱቄት የሆነ አፈር ቢጠቀጥቁት አይያያዝም፤ የጨቀየውም ከመሣሪያው ጋር ተጣብቆ ይነሳል። ምድሩ ጨቅይቶ ካገኛችሁት ቀኑን ለውጡ፤ 15 ሰው በእግሩ የሚያጠፋው ከሚጠግነው ይበልጣልና።

ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ከየት እስከ የት እንደምትሠሩ፣ ምን እንደምትቆርጡ፣ ድንጋይና አፈር ከየት እንደምታነሱ ይጠቀስበት። የቃል ስምምነት አስተዳዳሪው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

---

ቅጠል_ለቀማ

ቅርንጫፉን ለሚቆርጠው ቡድን ትንሽ ልጨምር፤ ቀላል ስለሚመስል ብዙ የሚበላሸው እሱ ነው።

ቅርንጫፍ የሚቆረጠው ከግንዱ ጋር ሲገናኝ በሚያብጠው አንገት ላይ፣ ከእብጠቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ግንዱን ልጣችሁ ከቆረጣችሁ ቁስሉ አይደፈንም፤ ረጅም ጉቶ ከተዋችሁ ደግሞ ለነጂው ጦር ነው። ወፈር ያለውን መጀመሪያ ከታች በኩል ጥቂት በመጋዝ ቆርጣችሁ ከላይ ጨርሱት፤ አለበለዚያ ሲወድቅ ልጡን ገሽልጦ ይወርዳል። ቁጥቋጦ ከሆነ ከአፈር እኩል ቁረጡ ወይም ከነሥሩ ንቀሉ። በሰያፍ የተቆረጠ ሹል ጉቶ የወደቀ ሰው ሆድ ይወጋል፤ ይህን ሳታዩ ቦታውን አትልቀቁ።

ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን ብስክሌት ላይ ቆሞ ለሚነዳ ሰው ይበቃል። ወርዱን ግን ከሚገባው በላይ አትክፈቱት፤ የተከፈተ መንገድ ፍጥነት ይጋብዛል። ቅድሚያ ለመታጠፊያዎች የውስጥ ጎን ስጡ፤ ከፊት የሚመጣው ሰው የሚታየው በዚያ በኩል ነው። የዛፍ ሥር አትቁረጡ፤ ዛፉ ይጎዳል፣ በሥሩ የተያዘው አፈርም ይለቃል።

የቆረጣችሁትን ከመንገድ ራቅ አድርጋችሁ፣ የተቆረጠው ጫፍ ከመንገዱ ወደ ውጭ እንዲያይ አስተኙት። ማፍሰሻ መውጫ ላይ አንድም ቅጠል እንዳይቀር።

---

ባለኮርቻ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀርቷል። ከሦስቱ ውሃ የተኛባቸው ቦታዎች አንዱ ሜዳ ላይ ነው። ዙሪያው እኩል ስለሆነ ማፍሰሻ ብንቀድድ የምናወርድበት ዝቅ ያለ ጎን የለም። ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ ነው። እዚያስ?

---

ውሃ_መላሽ

እዚያ ውሃውን ማውረድ ካልተቻለ መንገዱን ከፍ ማድረግ ነው። 4 ሜትር ከሆነ በእጅ ይሠራል። 20 ሜትር ቢሆን ኖሮ መስመሩን ወደ ተዳፋት አዙሩት እላችሁ ነበር።

ጭቃውን እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ አውጡና ከመንገዱ ርቃችሁ በትኑት። በግራና በቀኝ፣ በመካከላቸው 1 ሜትር ያህል ትታችሁ፣ ትልልቅ ድንጋይ በሁለት ረድፍ ቅበሩ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በእግር ሲመታ የማይነቃነቅ ይሁን። መሃሉን መጀመሪያ በጡጫ በሚያክል ድንጋይ፣ በላዩ በጠጠር፣ መጨረሻ ላይ ቅጠልና ሥር በሌለው ንጹሕ አፈር ሙሉት። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቃችሁ ሂዱ፤ አንድ ላይ ቆልላችሁ ከላይ ብቻ ብትጠቀጥቁ በኋላ ይሰምጣል። ሲያልቅ መሃሉ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ከዙሪያው መሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። አፈሩን ከዚያው ከጎኑ አትቆፍሩ፤ የቆፈራችሁት ጉድጓድ ኩሬ ሆኖ መንገዱን ከሥር ያርሰዋል።

ጠፍጣፋ ድንጋይ በብዛት ካለ በንጣፍም ይሆናል፤ ድካሙ ይበዛል እንጂ ዕድሜው ይረዝማል። ሰፊው ፊት ወደ ላይ ሆኖ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ጎማው የሚሄድበትን አቅጣጫ እንዳይከተል ተጠንቀቁ። ከተከተለ ጎማ ይነክሳል።

በዳር የወጡትን ተጨማሪ መስመሮች የምትዘጉት ዋናው መንገድ ከደረቀ በኋላ ነው። ጭቃው እያለ ቅርንጫፍ ብትከምሩበት ነጂው አራተኛ መስመር ያወጣል። የተጠቀጠቀውን አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በዶማ አላሉት፣ ቅጠል አልብሱት፣ ደረቅ ቅርንጫፍ በየአቅጣጫው አጋድሙበት። በተለይ መግቢያውና መውጫው ላይ ከሩቅ ሲታይ መንገድ እንዳይመስል አድርጉ።

---

ካቴና_24

መቆፈር ለማይችሉት፦ የሥራው ቀን ምዝገባ፣ መሣሪያ መቁጠር፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ ፎቶ ማንሳት፣ ከላይና ከታች ቆሞ የሚመጣ ነጂን ማስቆም። የመጨረሻው የግድ ነው፤ ኩርባ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚቆፍር ሰው ከላይ የሚመጣ ብስክሌት አይታየውም።

ከዚያ ውጭ ትልቁ እርዳታ ያገለገለ ብስክሌት ጠግኖ ለጀማሪ መስጠት ነው፤ በተቀመጡበት የሚሠራ ሥራ ነው። ሲረከቡ መጀመሪያ ፍሬሙን አጥቦ መፈተሽ፦ ከመሪው በታች ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበት፣ የፔዳሉ ዘንግ ዙሪያ፣ የኮርቻው ቱቦ አፍ። ቀለም ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ፣ ወይም አሉሚኒየም ፍሬም ከታጠፈ፣ ዕቃው ተፈትቶ ለሌላ ይዋል፤ ፍሬሙ ለማንም አይሰጥ።

ካቴናውን ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል። የአዲስ ካቴና 24 ቀለበት ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ላለው 306.3 ሲደርስ፣ 10 እና ከዚያ በታች ለሆነው 307 ሲደርስ ይቀየራል። ካቴናው ከዚያ በላይ አርጅቶ ከሆነ ካሴቱን፣ ማለትም የኋላ ማርሾቹን ስብስብ፣ አብራችሁ አዘጋጁ፤ ያረጀ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ሲረግጡት ይዘላል፣ ጀማሪውንም ይጥለዋል።

ሺማኖ የተባለው ኩባንያ በሚሠራው ዲስክ ፍሬን ላይ የሸራው መፋተጊያ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ ዲስኩ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። የፍሬን ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት ፍሬኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዶት የሚባለውን ዘይት የሚወስደው ውስጥ ሚኒራል የሚባለው ዘይት፣ ወይም በተቃራኒው ከገባ በውስጡ ያሉት የጎማ ማኅተሞች ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ይከዳል። ያገለገለ ሄልሜት አትስጡ። ውስጡ ያለው ፎም የሚሠራው ለአንድ ምት ነው፤ ከዚህ በፊት መመታቱ ደግሞ ከላይ ላይታይ ይችላል።

---

ዶማና_ገመድ

ስለ ምዝገባው፦ የሰዎቹን ቁጥር በሰዓቱ አባዙና ጻፉት። 15 ሰው በ4 ሰዓት 60 የሥራ ሰዓት ነው። ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ገጽ አድርጋችሁ በዚያው ሳምንት ለአስተዳዳሪው ላኩ። የቁልቁለቱን መስመር ለማዞር ፈቃድ ስትጠይቁ በእጃችሁ የሚኖረው ማስረጃ ያ ነው።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላም ሁለት ሰው በአካፋ ይመለስ። አዲስ የተላጠ አፈር ስለሚሰምጥ መውጫው ላይ ትንሽ ደለል መከማቸቱ አይቀርም። በጊዜው ከተነሳ የደቂቃዎች ሥራ ነው።