«ቺ» እና «ፕራና» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ስለ ቺጎንግ (የቻይና የአተነፋፈስና የእንቅስቃሴ ልምምድ) እና ዮጋ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የሕይወት ኃይል የሚባሉትን «ቺ»ን እና «ፕራና»ን ሁለቱንም «መንፈስ» ብላቸው ያስኬዳል?

መልስ 1፦ አያስኬድም። አንባቢህ ወይ መንፈስ ቅዱስ ወይ ርኩስ መንፈስ ነው የሚመስለው። «እስትንፋስ» ይቀርባል፤ እኔ ግን እንዳሉ ብትተዋቸው እመርጣለሁ። ደግሞም አንድ አይደሉም። ቺ በቻይና ሕክምና በ12 ዋና መስመሮች ይዘዋወራል። ፕራና የሕንድ ሲሆን አምስት ክፍል አለው፦ ፕራና ደረት ላይ፣ አፓና ከእምብርት በታች፣ ሳማና እምብርት አካባቢ፣ ኡዳና ጉሮሮ ላይ፣ ቪያና በመላ አካል። አጠቃላይ ስሙና የአንዱ ክፍል ስም አንድ ስለሆነ እዚህ ላይ ተርጓሚ ይምታታበታል።

መልስ 2፦ የቺጎንግ አተነፋፈስን በተመለከተ፣ ታችኛው ዳንቲያን (ቺ ይከማችበታል የሚባለው የሆድ ክፍል) ከእምብርት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ወደ ውስጥ ነው። አየር ሲገባ ሆድ ይነፋ፣ ትከሻ አይነሳ። ቶሎ ቶሎ በጥልቀት ከተተነፈሰ ራስ ያዞራል፣ ጣት ይነዝራል። ያ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለቀነሰ እንጂ «ቺው ስለመጣ» አይደለም።